ሁለተኛው ቁልፍ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን ጉዱን የሰማሁት ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ሲማዳ፣ ወገዳ ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ጉሙ ወርዶ የጤና ጣቢያው አጥር እንኳ አይታይም።

ስሜ ዘላለም ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከንፋስ መውጫ የተጠራሁት የአምቡላንሱ የሞተር ኮምፒውተር ተቃጥሎ ነው። ሌላ ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ከአንድ የተገለበጠ መኪና ላይ ብቻ ነበር።

የፊልጶስ መኪና። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ላይ ተገልብጦ ከሞተ ገና አርባው አልወጣም።

"የሟች ዕቃ ከአርባው በፊት አይነካም" አሉኝ እናቱ እማማ ብርቄ። "ነፍስ የሚያድን ከሆነ ግን ውሰደው ልጄ። ቁልፉን ብቻ አትጠይቀኝ... ከጣቱ ማላቀቅ አቅቶን ከነቁልፉ ቀበርነው።"

ቁልፉ አያስፈልገኝም። ኮምፒውተር ሲቀየር የድሮው ቁልፍ ይሰረዝና አዲሱ ይመዘገባል። ባልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩ አይነሳም።

ገጠምኩት።

አምቡላንሱ ውስጥ ጽዮን የምትባል ምጥ ላይ ያለች ሴት ተኝታለች። ደም እየፈሰሳት ነው።

"ፈጠን በል እንጂ!" አለችኝ አዋላጇ ታደለች በሹክሹክታ። "ደብረ ታቦር ካልደረሰች አትተርፍም።"

የድሮዎቹን ቁልፎች ሰረዝኩ። ከመኪናው ጋር ባገናኘሁት መመርመሪያ ማሽን ላይ "የተመዘገበ ቁልፍ፦ 0" የሚል መጣ።

የሾፌሩን የእሱባለውን ቁልፍ ወደ ማስነሻው አስጠጋሁ። 1።

"ሌላ ቁልፍ ካለ አስጠጋ" ይላል ማሽኑ። ሁሌም እንዲህ ይላል። ሌላ ስለሌለን "ጨርስ" የሚለውን ልጫን ስል...

ጢው!

2።

"ሌላ ቁልፍ ይዘሃል እንዴ?" አልኩት ሾፌሩን።

"ከየት አምጥቼ?" አለ እሱባለው።

ሰረዝኩት። 0። የኛን አስጠጋሁ። 1።

እጄን ሰብስቤ ጠበቅኩ...

ጢው!

መሪው አካባቢ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። አልዋሻችሁም፣ ሁሉንም ጥዬ ልሮጥ ነበር።

ከኋላ ጽዮን ቃተተች።

"ሂዱ!" አልኩ። "በቃ ሂዱ!"

ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር አደረ።

በማግስቱ እሱባለው ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

"ደርሳለች። ወንድ ልጅ ተገላገለች።"

ተመስገን ብዬ አቀፍኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ከኋላው ሞተሩ ይንተከተካል።

"አጥፋው እንጂ" አልኩት።

ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ አሳየኝ። "አጥፍቼዋለሁ..."

ወደ መኪናው ዞሬ አየሁ።

"ፊልጶስ የሞተበት ጠመዝማዛ ላይ ጉሙ ዓይኔን ጋረደኝ" አለ። "መሪው በእጄ ውስጥ ራሱ ዞረ፣ ዘላለም። እኔ አላዞርኩትም።"

በሩን ከፍቼ፣ ሳልቀመጥ፣ ማሽኑን ሰካሁ።

የተመዘገበ ቁልፍ፦ 1።

እፎይ አልኩ። ሁለተኛው ጠፍቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ የእሱባለውን ቁልፍ አስጠጋሁ።

"የማይታወቅ ቁልፍ።"

ማሽኑን ነቅዬ በሩን ዘጋሁት። ሁለታችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን።

"የኔን ካላወቀው..." አለ እሱባለው፣ "ማን ነው ያደረሰን?"

መኪናው ውስጥ ማንም የለም። በመስኮቱ ግን አየነው... የሾፌሩ የደህንነት ቀበቶ ቀስ እያለ ተሳበ፣ ባዶውን ወንበር ተሻገረ...

ቀጭ ብሎ ታሰረ።