ቀድሞ የወረደው ባንዲራ

ሽማግሌው የተገኙት ሌላ ሠራተኛ በማያልፍበት፣ ወደ ጣራው በሚያወጣው የብረት ደረጃ ግርጌ ነበር። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያገኛቸው የማሠልጠኛ ተቋሙ ጥበቃ ነው። ጭንቅላታቸው ከመጨረሻው እርከን ጋር ተጋጭቷል። በግራ ብብታቸው ሥር፣ አንድ እጥፋት እንኳ ሳይፈታ፣ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጠዋት የሰቀሉት ማታ ያወረዱት የሀገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ነበር።

ከደረጃው በላይ ያለው የጣራው በር ተቆልፏል። የእሳቸው ቁልፍ ከኪሳቸው ጠፍቷል። ሌላው ቁልፍ ያለው ጥበቃው ዘንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓትም በሕንፃው ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። ለፖሊስ ጣቢያው ይህ በቂ ሆነ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሊወስዱት መኪና ተዘጋጀ። መርማሪዋ የተላከችው ወረቀቱን እንድታሟላ ብቻ ነበር።

ጥበቃው ድምፁ ግቢውን ስለሚያናውጥ «ነጎድጓድ» ይሉታል። ዛሬ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ስንት ልጆች አሉዎት?» አለችው።

«ሦስት። አራተኛው በመንገድ ላይ ነው። እስኪደርስ እንኳ ብትጠብቁኝ ምን ነበር?»

«ትናንት ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«መቼ ሳንጣላ ቀርተን! ባንዲራ ሲወጣ በስልክ ሳወራ አገኙኝ። ‹ዝም በል፣ ቀጥ ብለህ ቁም!› አሉኝ። እኔም ‹አባባ፣ እኔን ሚስቴም ቀጥ አላደረገችኝ› አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ግን አያስታውቁም።»

«ሬሳውን ካገኙ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ሰው ልጠራ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ያኔ ቀና ብዬ አየሁ። የተቋሙ ባንዲራ ይውለበለባል። የሀገሩ ምሰሶ ባዶ ነው።»

መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«የተቋሙ አሁንም እዚያው ነው። ማን ያወርደዋል?»

ጣራው ላይ ወጣች። ሁለት ምሰሶዎችና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አሉ። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ሽማግሌው በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፦ ከጀንበር በኋላ አይቆይም። መሬት አይነካም። የተቀደደ አይሰቀልም። ከሌላ ባንዲራ ጋር ሲሆን ቀድሞ ይወጣል፣ መጨረሻ ይወርዳል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከሥሩ ታጥቦ የተተኮሰ ትርፍ ሰንደቅ ዓላማ አለ፤ ጫፉ እንደ ደብዳቤ ፖስታ ወደ ውስጥ ገብቶ ታጥፏል። ብብታቸው ሥር የተገኘውም ልክ እንደዚህ ነበር።

የአስተዳደር ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ ተቀበላት።

«አልክድም፤ አልተስማማንም። ባለፈው ወር ጫፉ የተተለተለ ባንዲራ አልሰቅልም ብለው እንግዶች ፊት አዋረዱኝ። ጡረታ ይውጡ ብዬ ጽፌአለሁ። ይኼ ግን መግደል አይደለም።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አሥራ አንድ ተኩል፣ ከሁሉም ሠራተኛ ጋር በሰርቪስ።»

«ሲወጡ ባንዲራው ተሰቅሎ ነበር?»

«አላየሁም።»

«ሰላሳ ሰው ጠየቅሁ። ማንም አላየም» አለች መርማሪዋ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። በዚያ ምሰሶ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ገብቶ ወጥቷል።

የሟቹ ልጅ የምትሠራው ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት ነው። ጥቁር ለብሳ የአባቷን መነጽርና ፔርሙዝ በከረጢት ትከት ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለች መርማሪዋ። «ትናንት መቼ ነው ያየሽው?»

«ምሳ ሰዓት። አሥር ሰዓት ላይ አስፈቅጄ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ ጠይቂያት።»

«ባንዲራውን የሚያጥበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ። አባዬ እጥፋቱን አስተምሮኝ፣ ሲያመው ብቻዬን አጥፈዋለሁ።»

«የተቋሙንስ?»

«እሱ ቤት መጥቶ አያውቅም።»

«ጣራ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይፈቅድልኝም። ‹እዚያ ላይ ሥራው የኔ ነው› ይላል።» ከረጢቱን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። «ወዲያው ነው የሞተው? ወይስ ... ቆይቷል?»

«ሐኪሙን እጠይቃለሁ» አለች መርማሪዋ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሦስቱንም ጣራው ላይ ሰበሰበቻቸው። ከታች የፖሊሱ መኪና ሞተር ይሰማል። የተቋሙ ባንዲራ ከትናንት ወዲያ የታጠበ ልብስ ይመስል ተንጠልጥሏል።

«ከአሥራ ስምንት እርከን የተንከባለለ ሰው» አለች፣ «ብብቱ ሥር የያዘው ጨርቅ እንደታጠፈ አይቀርም። ስለዚህ ያስቀመጠላቸው ሰው አለ። ያ ሰው ምን እንድናስብ ፈለገ? ሽማግሌው በማውረጃው ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት፣ እንደሞቱ።»

«እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው!» አለ ነጎድጓድ።

«በዚሁ ነው። ግን እሳቸው አላወረዱትም። ሁለት ጊዜ ያሰመሩበትን ሕግ አንብቡት። ቢያወርዱ ኖሮ መጀመሪያ የሚወርደው ያኛው ነበር። ያኛው እስካሁን ተሰቅሏል። እንግዲያው ያወረደው ሌላ ሰው ነው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓትም በፊት፤ እኛ ደግሞ ቀና ብለን የማናይ ሰዎች ነን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ሕንፃው ውስጥ መገኘት ወንጀል አይደለም። የራሱ ቁልፍ ያለው ጥበቃም የሟቹን ቁልፍ ይዞ አይሄድም።»

ከቦርሳዋ ሰንደቅ ዓላማውን አውጥታ ዘረጋችና ለነጎድጓድ ሰጠችው። «ይጠፉት።»

ነጎድጓድ እንደ ፍራሽ ጠቀለለው። ኃላፊው ደግሞ እንደ ጋዜጣ አራት ቦታ አጠፈው።

መርማሪዋ ፈትታ ለልጅቷ አቀበለቻት።

ልጅቷ ወደ ታች፣ ወደ መኪናው አየች። ቀጥሎ ነጎድጓድን አየችው። አበላሽታ ማጠፍ ትችል ነበር፤ ይህንን አራቱም ያውቃሉ። ጣቶቿ ጫፉን ለሁለት አጠፉ፣ ጥጉን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ልክ እንደ ፖስታ።

«ባለፈው ሳምንት እዚህ፣ የጣራው አጥር ጋ፣ ራሱን ስቶ እንደነበር ነገረኝ» አለች። «ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ትናንት ከሥራ ልወጣ ስል፣ ዳግም እዚህ እንዳይወጣ ቁልፉን ስጠኝ አልኩት። ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር። እምቢ አለ። ሳብኩት። እሱ ለቀቀ፤ ቁልፉ እጄ ውስጥ ቀረ። ወርጄ ሳየው አይንቀሳቀስም። ጀንበር ስትጠልቅ ማን ያወርድለታል ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው፣ እውነቴን ነው። ወጥቼ አወረድኩት። ከዚያ ግን ... አሥራ ሁለት ሰዓት እኔ የት እንደምሆን አሰብኩ።»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ የቆርቆሮው ሣጥን ላይ አስቀመጠችው።

«ያኛውም ማታ ማታ ይወርድ ነበር?» አለች የተቋሙን ባንዲራ እያየች።

«ሁልጊዜ» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው።»

«ሐኪሙስ?»

«ወዲያው ነው ብሏል።»

ሐኪሙ ያለው «ምናልባት ወዲያው» ነበር። መርማሪዋ አንዷን ቃል ለራሷ አስቀረቻት፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ከእሷ ጋር ኖራለች።

ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ነጎድጓድ ወደ ምሰሶው ሄዶ የተቋሙን ባንዲራ ገመድ መፍታት ጀመረ። ኃላፊው ክራቫቱን ትቶ ቀና ብሎ ያይ ነበር። ባንዲራው ሲወርድ ጫፉ ወደ ሲሚንቶው ተጠጋ።

«ልጄ፣ ያዢልኝ» አለ ነጎድጓድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «መሬት እንዳይነካ።»

ልጅቷ የአባቷን ሰንደቅ ዓላማ ብብቷ ሥር አድርጋ ሌላውን ጫፍ ያዘች።