ውሃው ዛሬ የት ደረሰ?

በ2003 ዓ.ም. የጥር ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክፍል ሦስት ሰዎች ነበሩ። ዳኛው የተባለው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሞንታርቦውን ገመድ ይቀጥላል። የክበቡ ኃላፊ መምህርት ጽጌሬዳ በመስኮት ወደ ግቢው በር ያያሉ። የዘጠነኛ ክፍሏ ፈህሚያ ደግሞ አምስት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ቆማለች። አምስቱም መስመር ውሸት ነው።

«ጋዜጠኛው መጣ» አሉ መምህርቷ፤ ሊቀበሉት ወጡ። ሰውየው ከከተማው ሬዲዮ ነው። ለወጣቶች ፕሮግራም አንድ ተማሪ ይመርጣል። ፈህሚያ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

መጀመሪያ ወደ ክበቡ የመጣች ጊዜ ጽሑፏ «ታሪካዊቷና ውቢቷ ጎንደር» ብሎ ይጀምር ነበር። መምህርት ጽጌሬዳ እስከ መጨረሻው አነበቡና፣

«ይህን ሁሉ የት አየሽው?» አሏት።

ፈህሚያ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለች።

«ቤትሽ የት ነው?»

«ቀሐ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ።»

«እንግዲያው ለጥምቀት ውሃ መሙላት ሲጀምሩ ጠዋት ጠዋት በዚያ እለፊ። የት እንደደረሰ ጻፊ። አምስት መስመር፣ ያየሽውን ብቻ።»

«ቲቸር፣ ውሃ ሲሞላ ምን ይጻፋል?»

«እሱን አንቺ ትነግሪናለሽ።»

ቤት ስትናገር እናቷ ጦይባ በሳቅ ፈረሱ። «የኔ ልጅ የጥምቀቱ ውሃ ዘበኛ ሆነች በሉኛ!» አባቷ ዐብዱልከሪም አራዳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። «ተያት እስቲ» አሉ። «እኔስ ሱቄን የምከፍተው ገበያ ያለ ቀን ብቻ ነው?»

የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። ውሃው ትናንትም ውሃ፣ ዛሬም ውሃ ነው። ቀስ በቀስ ግን ዓይኗ ተከፈተ። በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሥር የጥምቀተ ባሕሩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጦ መያዙን ጻፈች። ውሃው በሚገባበት ቦይ የመጣች አንዲት እንቁራሪት የጥምቀተ ባሕሩን ዘበኛ አያ ተክለ ጊዮርጊስን እንዴት እንዳስደነገጠቻቸው ጻፈች። እሳቸውም ፈህሚያን ለምደዋት፣ «ነይ ግቢ፣ ዛሬም ከቄሱ ቀድመሽ መጣሽ!» ይሏታል። የጻፈችውን ዳኛው በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በማይክሮፎን ያነበዋል፤ እሷ ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። ውሎ አድሮ ተማሪው ሁሉ በር ላይ ሲያገኛት፣ «ውሃዬ! ውሃው ዛሬ የት ደረሰ?» ማለት ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት ግን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኛች። ስትነቃ ረፍዷል። «ውሃ መቼም ከመጨመር በቀር ምን ይሆናል?» ብላ እዚያው አልጋዋ ላይ ጻፈች። ውሃው አንድ ስንዝር ጨመረ፤ የሥሮቹ ጫፍ ተነከረ፤ ሰማዩ እላዩ ላይ ተኛ። ስታነበው እስከ ዛሬ ከጻፈችው ሁሉ አምሮ ታያት። በጥምቀተ ባሕሩ ሳታልፍ በአቋራጭ ሮጣ መጣች።

የሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ተንኳኳና ባንቺአየሁ ጭንቅላቷን አስገባች። የአያ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ናት።

«ፈህሚያ፣ ምነው ዛሬ ቀረሽ? አባባ እኮ ሲጠብቅሽ ነበር። ቦዩ በደለል ተደፍኖ ውሃው ከቅዳሜ ጀምሮ ቆሟል። በጥምቀት ምን ሊውጠን ነው እያለ ሲነጫነጭ አደረ!»

ባንቺአየሁ ወደ ሰልፉ ሮጠች።

ዳኛው ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አየና ሳቀ። «አንድ ስንዝር ጨመረ? አቦ አንቺ ደግሞ!» እስክሪብቶ አቀበላት። «አታካብጂ። ቦዩ ተደፈነ ብለሽ ቀይሪው። እውነት አይደል? ማን ያውቃል?»

እውነት ነበር። ሁለት መስመር ሰርዞ ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። እስክሪብቶውን ያዘች። ቦዩ ምን እንደሚመስል ልትጽፍ አሰበችና እጇ ቆመ። ጭቃው ጥቁር ይሁን ቀይ አታውቅም።

«ማይኩን ስጠኝ» አለች።

«አንቺ? ጋዜጠኛው እኮ ቆሟል!»

«ስጠኝ።»

የራሷ ድምፅ በሞንታርቦው ሲወጣ የሌላ ሰው መሰላት። «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ውሃው የት እንደደረሰ አላውቅም። ተኝቼ ቀረሁ። ቆሟል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አላየሁም። ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። «ውሃዬን እንቅልፍ ወሰዳት!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ማይክሮፎኑን መለሰች፤ ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ የስፖርት ዜናውን እንደ ወትሮው አሳምሮ አነበበ።

ከሰልፉ በኋላ መምህርት ጽጌሬዳ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ወቀሳ ጠብቃ ነበር።

«ነገ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ሹራብ ደርቢ» አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ሬዲዮው ዳኛውን መረጠ። ማክሰኞ ጠዋት ፈህሚያ በጥምቀተ ባሕሩ በኩል አለፈች። ሁለት ሰዎች ቦዩ ውስጥ ገብተው ጭቃ በአካፋ ይዝቁ ነበር። ጭቃው ቀይ ነው። ግንቡ ላይ ተቀምጣ አምስት መስመር ጻፈች፤ በዚያ ቀንም ራሷ አነበበችው።