የታረመው ስህተት

የአልጀብራ መምህሩ ሬሳ ሰሌዳው ሥር ተጋድሟል፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ወገቧን ይዛ በስንት መከራ ቀና አለች። ከሌላ ሬሳ ላይ ተነሥታ ነው የመጣችው። ሰው መገዳደሉን ትቶ አንድ ቀን እንኳ ቢያሳርፋት ምን ነበረበት!

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅኑ። «ዘበኛው ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። መጨረሻ ላይ ግቢው ውስጥ የቀረውም እሱ ነው።»

ዘበኛው እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። «እትዬ፣ የተጨቃጨቅነው እያመሹ በር ስለሚያስጠብቁኝ ነው። ለዚህ ሰው ይገደላል? እኔ ከታሰርኩ ልጆቼ አለቀላቸው!»

የመርማሪዋ ዐይን ሰሌዳው ላይ ነበር። (3x²)(4x⁵) = 12x⁷ ይላል። ከላይ የተንጠለጠለችው ሰባት ዙሪያዋ በመዳፍ ተጠርጎ ነጭ ሆኗል።

በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው የሟቹ እህት ተጠርታ መጣች። ዘበኛውን ስታይ «እጅህ ይቆረጥ!» ብላ ጮኸችበት። መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ወደ ሰሌዳው ወሰደቻት።

«የወንድምሽ ጽሑፍ ነው?»

«ነው... ግን መልሱ ልክ ነው እኮ!» አለች እህቲቱ ግራ ተጋብታ። «እሱ ትምህርት ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ስህተት ትቶ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ጠዋት ፈልገው እንዲያገኙት። ‹ጋሼ ስህተት› የሚሉትም ለዚሁ ነው። ትናንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ልሰናበተው ስመጣ ከላይ የጻፈው አስር ነበር። ‹ሁለትና አምስትን የሚያባዛ ሁሉ ነገ ይያዛል› ብሎ ሲስቅ...» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አስር መሆኑን ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቀጥሎ የተጠየቀው ሌላው የሒሳብ መምህር ሸሚዙ እጥፋት የለበትም። «ከሰኞ ወዲህ እዚህ ክፍል እግሬን አላስገባሁም» አለ፤ እየተናገረ የተጣመመ ወንበር አቃና። ርዕሰ መምህሯ ግን መርማሪዋን ወደ ጥግ ስባ ሌላ ነገር ነገረቻት። «ይሄ መምህር ልጆች በተሳሳቱ ቁጥር በማስመሪያ ይመታቸዋል። ሟቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ሊከሰው ቀጠሮ ይዞ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠመኔ አንሥታ (2a³)(5a³) = 10a⁹ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ እግሯ አልችል ስላላት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሟቹ ሰሌዳው ላይ ስህተት ትቶ ነበር፤ አንድ ሰው አረመው። ራሱ አያርመውም፤ ለልጆቹ ነው የተወው። እህቱም ልማዱን ስለምታውቅ አትነካውም። ዘበኛው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይሮጣል እንጂ ሬሳ ተሻግሮ አልጀብራ አይሠራም።» ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። «ያረመው ስህተት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው።»

የሒሳብ መምህሩ እሷን አልሰማትም። ዐይኑ የጻፈችው ላይ ተተክሎ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። በመጨረሻ ብድግ አለ።

«ስድስት ነው! ትልልቆቹ ቁጥሮች ይባዛሉ፣ ከላይ ያሉት አርቢዎች ይደመራሉ! ሦስትና ሦስት ስድስት! ይሄን ለልጅ እንዴት እንዲህ ይተዉለታል? እሱም ሰባቱን አስር ብሎ...» አፉን ያዘ።

«አስር መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለች መርማሪዋ ድክም ባለ ድምፅ።

መምህሩ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ልገድለው አልነበረም። አትክሰሰኝ ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ ሲለኝ ገፋሁት። ከዚያ ልወጣ ስል ሰሌዳውን አየሁት... ጥዬው መሄድ አቃተኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከዘበኛው እጅ አወለቀ። እህቲቱ በሐፍረት ቀረበችው። «ይቅር በለኝ፤ በከንቱ ረገምኩህ።»

ዘበኛው የእጁን አንጓ እያሻሸ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ትናንት እኮ እሳቸው ‹በቃ ልውጣልህ› ብለውኝ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ተናድጄ ‹ከፈለጉ እዚያው ይደሩ› ያልኳቸው።»