የጎባጣው አናጢ ትራሶች

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ፣ ግድግዳ ላይ የምትሄድ ዝንብ አይታ ማር ስትቀምስ መዋሏን ታውቃለች ይባልላታል። ግማሹ ውሸት ነው። እውነተኛው ግማሽ ግን ስንቱን ወንጀለኛ አስለቅሷል።

ያን ማለዳ የተጠራችው አንድ ሽማግሌ አናጢ ሞቶ ነው። ሰውየው ለዓመታት ከመጉበጡ የተነሳ አገጩ ደረቱን ይነካ ነበር፤ ሰው የሚያየው በቅንድቡ ሥር አጮልቆ ነው። አሁን ግን አልጋው ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ትክ ብሎ ያያል።

«አንገቱ ተሰብሯል» አለ ሐኪሙ። «ሕመሙ አከርካሪውን አጣብቆ እንደ ሸክላ ቧንቧ አድርጎት ነበር። ላቃናህ ያለው ሁሉ ይሰብረዋል። ማስታገሻው ከባድ እንቅልፍ ላይ ስለሚጥለውም፣ ተጠንቀቁ ብዬ ለወንድሙ ነግሬ ነበር።»

ወንድምየው ወጌሻ ነው። ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እኔ ነኝ ጠምዝዤ የገደልኩት። እሰሪኝ።»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ካቴናው አይሸሽም። ለመሆኑ ያለ ቅባት ያሻሉ?»

«እኔ? ያለ ቅባት የሰው ገላ ነክቼ አላውቅም!» አለና ምላሱን ነከሰ።

መርፌ የሟቹን አንገት ዳሰሰች። ቅባት የሚባል የለበትም፤ ከሥሩ ያለው አንሶላ ግን ርሷል። ግንባሩ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ተለጥፏል። ጎባጣ አንገቱን ደግፈው የሚያሳድሩት ትራሶች ወንበር ላይ በወጉ ተደርድረዋል።

የሟቹ ልጅ የአባቷን ሙያ የወረሰች አናጢ ናት። መርፌ ወደ ሥራ ክፍሏ ዘለቀች። አንድ ጣውላ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ፣ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖበት ተኝቷል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው እህቴ?»

«ጎብጦብኝ ነው። እናረጥበዋለን፣ እናስተኛዋለን፣ እንጫነዋለን፤ ሲነጋ ቀና ይላል። አባባ ነው ያስተማረኝ።»

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ በደነዘዘ ብላ ተመኘች።

ሁሉንም አልጋው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ወጌሻ ቢነካው ኖሮ ቅባት በኖረ። ጠላት ቢሆን ደግሞ ትራስ አይደረድርም። የመጣው የሚወደው ሰው ነው። እንዳይነቃ ተጠንቅቆ ትራሶቹን አወጣ። አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ። ግንባሩ ላይ አሸዋ ጫነ። ልክ እንደ ጣውላ...»

«ተይ ልጄ!» ወጌሻው መርፌ እግር ላይ ወደቀ። «በኔ ይለቅ! አጥንቱ ከተቃና እንደሚሰበር እንዳልነግራት ያስማለኝ ወንድሜ ራሱ ነው፤ ‹ልጄ ተስፋ እንዳትቆርጥ› ብሎ። እሷ ምን ታውቃለች? እኔ ልታሰርላት!»

«ያልሠሩትን ጭኜብዎ እንዴት እተኛለሁ ጋሼ?» አለች መርፌ። «ይሄ ግድያ አይደለም።»

ልጅቷ የሐኪሙን ፊት አየች፤ የአጎቷን አየች፤ በመጨረሻ እጇን አየች።

«ለሠርጌ ቀና ብሎ እንዲያየኝ ብዬ ነው» አለች። «ጠዋት ከረጢቱን ሳነሳለት ፊቱ ሙሉውን ታየኝ። አባባ ተቃናልኝ ብዬ... እልል እያልኩ ነው አጎቴን የጠራሁት።»