የውሰት ጣት

«ነይማ፣ ጣትሽን አምጪ» አለ አባቷ፣ በሩን በዓይኑ እየጠበቀ።

የሐሞት ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣቱን ይዛ የተቀመጠችው ትንሽ መሣሪያ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ሳታቋርጥ እየለካች፣ ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ፊት ወዳለው ስክሪን ትልካለች። ቁጥሩ ወረድ ካለ ትጮኻለች፤ ነርሷም ከች ትላለች።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነውና ነርሷን «ትራፊኳ» ብሏታል። «ሠላሳ ዓመት ከትራፊክ ስሸሽ ኖሬ አልጋዬ ድረስ መጣችብኝ። ትንሽ ሳልረበሽ ልተኛ፣ መቆንጠጫዋን አንቺ አድርጊልኝ።»

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ያስበላናል። ፎርጅድ እኮ ነው።»

«ፎርጅድ አይደለም፣ ውሰት ነው።»

መቆንጠጫዋን ነቅሎ ጣቷ ላይ አደረገላት። የራስጌው ስክሪን ኦክስጅን ዘጠና ዘጠኝ አለ። አባቷ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ልጅቷ በሌላው እጇ ደብተሯን ገልጣ ለነገው የሒሳብ ፈተና ማጥናት ያዘች። አንድ ጥያቄ አላላውስ አላት፤ የልብ ምቱ ቁጥር ከሰባ ተነሥቶ መቶ ገባ። ሳቋ መጣ። ከዚያ ጆሮዋ አንድ ነገር አጣ፤ ማንኮራፋቱ ቆሟል።

ቀና አለች። የአባቷ ከንፈር አመድ መስሏል። ደረቱ ከፍ ይልና ይቆያል፣ በጣም ይቆያል። ስክሪኑ ግን ያው ዘጠና ዘጠኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው የእሷን ሳንባ ነው።

መቆንጠጫዋን መንጭቃ ጣቱ ላይ መለሰችው። ሰማንያ አራት። መሣሪያዋ ጮኸች።

ጩኸቱ ሳያባራ ነርሷ አጠገቧ ነበረች። ሦስት እጅ ያላት ይመስል ራስጌውን ከፍ፣ የኦክስጅኑን ጭምብል አፍንጫው ላይ፣ ትከሻውን መታ መታ። «ጋሼ፣ በደንብ ይተንፍሱ። አሁንም። ጎበዝ።» ሰማንያ ስምንት። ዘጠና አንድ። ዘጠና አምስት።

«ቀድሞውንም ወደዚህ እየመጣሁ ነበር» አለች። «የተኛ ሰው ልቡ መቶ ሲመታ አላማረኝም።»

«ቅዠት ይሆናል ሲስተር። ትራፊክ ሲያባርረኝ ነበር» አለ አባቷ ከጭምብሉ ሥር፣ ልጁን በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ።

ነርሷ አልሳቀችም። ፋይሉን ገለጠች። «ሐኪሙ ሊጠይቀኝ ነው። ቀስ በቀስ ወርደው ከሆነ የማስታገሻው መድኃኒት ከብዷቸዋል፣ እንቀንሳለን። ቁጥሩ ግን እስካሁን ደህና ነበሩ ይላል። በድንገት ከሆነ ሌላ በሽታ መፈለግ አለብን።» እስክሪብቶዋን አነሣች።

አባቷ ትራሱ ላይ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው።

ልጅቷ ነርሷን አየቻት። ለአሥራ ስድስት አልጋ አንዲት ሴት፤ ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ እንኳ ከወንበሯ ተነሥታለች።

ደብተሯን ዘጋች።

«ሲስተር፣ ያንን ቁጥር እንዳይጽፉት» አለች፣ መቆንጠጫዋ የተወችው ምልክት ገና ያልጠፋበትን ጣቷን ዘርግታ። «ከስምንት ሰዓት ወዲህ ያለው የእኔ ነው።»