የአርጃኖዋ የመጨረሻ እንቁላል

በአዝመሮን አገር በጠራራ ፀሐይ ጭጋግ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ጭጋጉ ሲወጣ ድንጋዩ የለም።

ድንጋዩ ሲባል ተራ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። ከምድር ሆድ የወጣ፣ እንደ ሕፃን ገላ ሁልጊዜ ለብ የሚል ቀይ ድንጋይ ነው። አሸዋ በተሞላ ቅርጫት ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ አሸዋው ውስጥ ደግሞ የአርጃኖዋ፣ የዚያች ትልቅ እንሽላሊት፣ እንቁላሎች። በዚያ አገር ምንጭ የሚከፈተው አርጃኖ ዓለቱን በምላሱ ሲልሰው ነው። አሮጊቷ አርጃኖ እንቁላሎቿን ጥላ ሞተች፤ ምንጩም ከእሷ ጋር ደረቀ። ሰዉ ጤዛ እየላሰ የእንቁላሎቹን መፈልፈል ይጠብቅ ነበር።

አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነው። ለምን ቢባል፣ እንቁላሎቹን እንድትጠብቅ የተሾመችው ወርዲት የቤተ መንግሥቱን ዶሮዎች ያሳደገች ሴት ናት። እሷ ያስታቀፈችው ዶሮ አሳፍሯት አያውቅም። ስለዚህ የአርጃኖውንም በምታውቀው መንገድ ያዘችው፤ ዶሮ በመንቁሯ እንደምታደርገው ጠዋት ገለበጠች፣ ማታ ገለበጠች። የአርጃኖ ፅንስ ግን ከላይኛው ቅርፊት ጋር ይጣበቃል፤ ከገለበጡት እዚያው ይታፈናል። እንቁላሎቹ ጠቆሩ፣ ሸተቱ። አንዱ የተረፈው ከቅርጫቱ ግርጌ ተቀብሮ እጇ ስላልደረሰው ነው።

የእልፍኝ ሴቶች ምላስ መቼ ያርፋል። «አገሩን በዶሮ እጇ ገለበጠችው» አሉ። ወርዲት ሁሉንም ሰማች።

ልጇ ዘሊማ ንግሥቲቱ ፊት ቆመች።

«ንግሥት ሆይ፣ ጭጋጉ ያለፈበት ሁሉ ውርጭ ይዟል፤ ድንጋዩን የወሰደው የተራራው የውርጭ ጌታ ጉምባር ነው። እሄዳለሁ። እንቁላሉንም ሆዴ ላይ አስሬ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እንቁላሉን ለምን?» አለች ንግሥቲቱ።

«የሰው ገላ ዕድሜውን ያቆይለታል እንጂ አያስፈለፍለውም። ድንጋዩን ባገኘሁበት ቦታ ወዲያው ይሙቅ። ደግሞ እዚህ ቤት ሁሉም ሰው መነካካት ይወዳል።»

ሴቶቹ ተያዩ። ንግሥቲቱም «ምንጩ ይመስክር፣ ብትመለሺ አገሩ ልጅሽ ነው፤ ቃልሽን ይሰማል» ብላ ማለች።

ዘሊማ እንቁላሉን እርጥብ አሸዋ በሞላው ቅል ውስጥ እንደተኛ አስቀመጠችው። ላይኛው ቅርፊቱ ላይ በከሰል ነጥብ አደረገች። ነጥቡ ሰማይ ማየት አለበት። ቅሉን ሆዷ ላይ አሰረች፤ ከዚያ ወዲያ ማጎንበስ የለ፣ መሮጥ የለ፣ መተኛት እንኳ ተቀምጦ ነው። ወርዲት ተከተለቻት። ጎሽመል የሚባል ጉረኛ ዘበኛም አብሯቸው ወጣ።

«ጉምባርን በአንድ ጥፊ ነው የማቀልጠው» ይላል መንገዱን ሙሉ።

«ከጥፊው በፊት አፍንጫህን ጥረገው፤ ንፍጥህ በረዶ ሆኗል» አለችው ወርዲት። ዘሊማ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሳቀችም።

ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ጎሽመል ጉልበቴን ቁርጥማት ያዘኝ ብሎ ተመለሰ። ሲወርድ ግን እየዘለለ ነበር ይባላል።

እናትና ልጅ ቀሩ። ልጅቱ ተቀምጣ ስታንቀላፋ እናትየው ጀርባዋን በጀርባዋ ትደግፋለች። ገደሉ ጫፍ ላይ የዘሊማ እግር ሲከዳት ወርዲት በሆዷ ተደፍታ ሥሯ ተነጠፈች፤ ልጅቱ እናቷ ላይ በመቀመጫዋ አረፈች። ቅሉ አልተገለበጠም።

«እማ፣ ተጎዳሽ?»

«ነጥቡን እዪ መጀመሪያ።»

ነጥቡ ወደ ላይ ነበር። የወርዲት ጎድን ግን ተሰብሯል፤ ከልጇ ደብቃ ተነሳች።

ጉምባር ዋሻው ውስጥ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጧል። ጢሙ በረዶ ነው፣ ሲተነፍስ ግድግዳው ይነጣል። ዘሊማ ጎራዴ ይዛለች፤ ለመምታት ግን ወገቧን ማዞር አለባት፣ ወገቧን ካዞረች ደግሞ አገሩ አበቃ። እንደ ቆመች ቀረች።

«አትድከሚ» አላት ጉምባር። «ሌባ አልነበርኩም። አርጅቼ ነው። አጥንቴ ውስጥ ክረምት ገባ። ይህን ከሰጠኋችሁ በምን እሞቃለሁ? የአንድ ሰው ሙቀት ስጡኝ፣ ሙሉውን። ድንጋዩን ውሰዱ።»

«የእኔን ውሰድ» አለች ዘሊማ።

«አንቺ ታቅፈሻል» አለቻት እናቷ። «የታቀፈች ዶሮ ከእንቁላሏ አትነሳም። ይህን እንኳ በደንብ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ ጉምባር ዞረች። «የውርጭ ጌታ ሆይ፣ በእጄ የጠፋውን እጄ ይክፈል። ስትወስደው ከእግሬ ጀምር፤ እጆቼን መጨረሻ ላይ አድርጋቸው። የልጄን ቅል ማሰሪያ ላጠብቅላት።»

ጉምባር እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወርዲት እያጠበቀች ጉልበቷ ነጣ፣ ደረቷ ነጣ። ዘሊማ ታለቅሳለች፤ ሆዷ እንዳይናወጥ ግን ልቅሶዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛዋለች። ቋጠሮው ሲያልቅ ጣቶቿም በዚያው ቀዘቀዙ። ልጅቱ እናቷን ማቀፍ አልቻለችም፤ ቅሉ መሀላቸው ነበር። ግንባሯን በግንባሯ ነክታ፣ ድንጋዩን ከቅሉ ሥር አስገብታ ወረደች።

አዝመሮን ስትደርስ ከሰው የሚበዛው መቃብር ነበር። እንቁላሉ በድንጋዩ ላይ ከረመ፤ አንድ ጠዋት ተሰነጠቀና አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ ቆመ። የተጠማ ሰው ግር ብሎ መጣ።

«ጎትቱት ይውጣ፤ ልጆቻችን ማለቃቸው ነው» አሉ።

ዘሊማ ቅርጫቱ ፊት ቆመች። «ሆዱ ላይ ያለውን አስኳል ገና ሳይጨርስ ከጎተታችሁት ይሞታል። እኔም ጠምቶኛል። አንድ እጅ እንዲነካው አልፈቅድም።»

ማንም አልነካውም። በማግስቱ ራሱ ወጣ፤ ጣት የምታክል አረንጓዴ ነገር። ወደ ዓለቱ ተሸክመው ወሰዱት፣ ላሰው። ውሃው መጀመሪያ ዓለቱን አራሰ፣ ከዚያ ፈሰሰ።

በአዝመሮን ወግ የአዲስ ምንጭ የመጀመሪያ ውሃ በልጅ እጅ ተቀድቶ ለእናት ይሰጣል። ልጆች ሁሉ በመዳፋቸው እየቀዱ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ። ዘሊማም ቀዳች። ቀድታ ዞረች። ምላሰኞቹ የእልፍኝ ሴቶች አቀርቅረው መንገድ ለቀቁላት፤ የምትሄድበት ግን አልነበራትም። እዚያው ቆመች፣ ውሃው በጣቶቿ መሀል ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ።