ጀርባዋን የሰጠችው ተዋናይት

ይህን የነገረችኝ ሸዋገነት ናት። ነገር የማታጋንን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ እኔ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

እ.ኤ.አ. 2011፣ ኅዳር ወር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት፣ ቬስትኤንድ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አሮጌ ቤት።

ሸዋገነት እዚያ ፍራው ሊንድነር የሚባሉ የዘጠና ሁለት ዓመት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ጆሯቸው አይሰማም፤ የሰው ንግግር የሚገባቸው ከንፈር እያዩ ነው። ከአልጋ አይነሱም።

እናታቸው ተዋናይት ነበረች። የልጇን መምጣት ስለምትጠብቅ እናት የሚተርክ ቲያትር መድረክ ላይ ትሠራ ነበር። ቲያትሩ ድምፅ አልባ ፊልም ሲሆንም እሷው ተጫወተችው።

ፊልሙ ጠፋ። እሷም ሞተች። ፍራው ሊንድነር ያኔ አራት ዓመታቸው ነበር።

አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረላቸውም። መልኳን ሳላይ ልሞት ነው እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ያን ቀን ታዲያ ኸር ብራንት የሚባል የፊልም መዝገብ ቤት ሠራተኛ ፕሮጀክተር ተሸክሞ መጣ። ከፊልሙ አንድ ጥቅል ተገኝቷል። ስድስት ደቂቃ ብቻ።

ሸዋገነት መጋረጃውን ዘግታ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለች።

አንዲት ሴት መስኮት ፊት ተቀምጣለች... ጀርባዋን ሰጥታ።

ስድስት ደቂቃ ሙሉ አልዞረችም።

ኸር ብራንት አፈረ። ፊቷ ያለበት ክፍል አልተገኘም አለ። አሮጊቷ ግን ይደገምልኝ አሉ።

በሁለተኛው ዙር ሸዋገነት የሴትዮዋን ጉንጭ አየች።

ቅድም ጉንጯ ይታይ ነበር እንዴ?

በሦስተኛው ዙር ስድስቱ ደቂቃ አለፈ። ሰባት... ስምንት...

ኸር ብራንት ሰዓቱን ደጋግሞ አየ።

ሴትዮዋ ዞረች።

ወጣት ናት። ዓይኗ ቀጥታ አልጋው ላይ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"አዎ፣ ማማ" አሉ ፍራው ሊንድነር።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"በደንብ ነው የያዘችኝ" አሉ ወደ ሸዋገነት እያመለከቱ።

እንደገና ተንቀሳቀሰ...

"አይሆንም፣ ማማ። እሷ ልጅ አላት።"

የሸዋገነት የአራት ዓመት ልጅ ሳሮን ያን ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት ነበረች።

"እለምንሻለሁ" አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ። "እኔ ብቻ ልምጣ።"

ከዚያ ወደ ሸዋገነት ዞረው እጇን ጨበጡ።

"ውጪ። አሁኑኑ።"

ሸዋገነት ብቻቸውን ትታቸው መውጣት አልሆነላትም። ጣቶቻቸው እስኪላሉ ድረስ እጃቸውን ይዛ ቆየች። ዓይናቸውን የከደነችላቸውም እሷ ናት።

ኸር ብራንት የማሽኑን ገመድ ነቀለ። መጋረጃውን ገልጦ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና ምስሎቹን አንድ በአንድ አየ።

ሁሉም ላይ ጀርባዋ ነው።

"አልዞረችም" አለ።

ሸዋገነት አንሶላውን ነበር የምታየው።

ክፍሉ በቀን ብርሃን ተሞልቷል። ማሽኑ ጠፍቷል።

ሴትዮዋ ግን አልጠፋችም...

ዓይኗ አልጋው ላይ አይደለም። ሸዋገነት ላይ ነው።

ከንፈሯም ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል።